ፖለቲካን በሩቁ

በእኛ ቤት ለልጅ ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ የበላይ የነበረው አንድ ነው፦ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ!» አባቴ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ነበር። የውጭ በር መቀርቀሪያ እንደሚያስገባ ሰው ቀስ ብለው፣ ነገሩ ያለቀለት መሆኑን በሚያሳውቅ እርጋታ ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ወይም ወደ ዝናቡ ይዞራል። እኔ ግን፣ የወጣትነት እልህም ይሁን የዕጣ ነገር፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ በትምህርት ክፍል መምረጫው ቅጽ ላይ ፖለቲካ ሳይንስን በአንደኛ ምርጫነት ሞላሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬንም በዚያው ሠራሁ። እነሆ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ትምህርት ማስተማር ከጀመርሁ ስምንተኛ ዓመቴ ነው።

በዚህ ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ ከአሜሪካ ደብዳቤ ደረሰኝ። አንድ የትምህርት ክፍል በፖለቲካ ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ አድርጎ ተቀብሎኛል፤ የአምስት ዓመት የትምህርት ክፍያዬንና የኑሮ አበሌን ይሸፍናል፤ በምላሹ ረዳት መምህር ሆኜ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን አስጠናለሁ፣ ፈተና አርማለሁ። መልሴን እስከ ሚያዝያ 7 እንድሰጥ ይጠይቃል። (ይህ ቀን፣ በእነርሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 15፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለእንዲህ ያለው መልስ በጋራ የተስማሙበት ነው።) ደብዳቤውን ለአባቴ ተርጉሜ ባነበብሁላቸው ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አሰቡና፣ «ከዐሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፣ አይደል? እንግዲህ በሩቁ ያልሁህን ገና አሁን ሰማኸኝ ማለት ነው» አሉኝ።

ቀልድ ነበር። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ዘመድ አዝማድ ነገሩን ከእኔ ይልቅ አቅልሎ ነው ያየው። አክስቴ እልልታዋን ካቀለጠች በኋላ፣ «ታዲያ ዶክተር ስትሆን መርፌ ትወጋለህ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አልወጋም ስላት ደስታዋ በግማሽ ቀነሰ። በዚህ ዘመን ከስሙ በፊት «ዶክተር» የሌለው ባለሥልጣን ግማሽ ልብስ ለብሶ የወጣ ስለሚመስል፣ አጎቴ ደግሞ በስድስት ዓመት ውስጥ የምሾምበትን መሥሪያ ቤት ማማረጥ ጀምሯል። የገንዘቡንም ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ወሳኝ ቢመስልም እኔን አልወሰነልኝምና። የዩኒቨርሲቲ መምህር ኑሮ የታወቀ ነው፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ያን ሰሞን ደመወዛችንን በዶላር አስልቶ የነገረን የሒሳብ መምህር ጓደኛችንን ለአንድ ሳምንት ያህል አኩርፈነው ነበር። የትምህርት ፈቃድ የሚወስድ መምህር ተመልሶ ሊያገለግል ውል ይፈርማል፤ ዋስም ይጠራል። ዋስ የሚሆነኝ የእህቴ ባል ነው። ይህ ሁሉ መንገድ የሚያበጅ ወይም የሚያውክ ነገር ነው እንጂ ለምን እንደምሄድ አይነግረኝም።

ለምን እንደምሄድ የሚነግረኝ ላጠናው የምፈልገው ጉዳይ ነው። ጉዳዩም ቀበሌ ነው።

አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ፖለቲካ ሳይንስ የሚማር ሰው ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ ዓባይ ወንዝ ዲፕሎማሲ ያጠናል እንጂ ስለ ቀበሌ ምን ያጠናል? ይሁንና ልብ ብለን እንይ። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በሕይወቱ ሚኒስትር በአካል አያይም፣ የፓርላማ አባሉን ስም አያውቅም፤ ቀበሌን የማያውቅ ግን የለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር አብሮ ወለደ፤ በገጠር ደግሞ የካቲት 25 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበርን ወልዶ ነበር። በወረቀት ሲታይ የጎረቤታሞች ማኅበር ነው። በሥራ ግን እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት ኪራይ ሰብሳቢ እርሱ፣ የፍርድ ሸንጎ እርሱ፣ መታወቂያ ሰጪ እርሱ፣ ስኳርና ጤፍ በካርድ አዳይ እርሱ፣ የሳምንቱን የውይይት ክበብ የሚያስገድድ እርሱ፣ አብዮት ጠባቂ የሚያሰልፍና በቀይ ሽብር ዘመን የሚያስር እርሱ ሆነ። ያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ቀበሌው አልወደቀም። አዲስ አበባ ላይ ስሙ ከተቀየረ፣ ወረዳ ከተባለ እንኳ ስንት ዓመቱ፤ ሰዉ አሁንም «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ነው የሚለው። አሁን መታወቂያው ፋይዳ በሚባለው የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ምዝገባ እየተተካ ነው። የሦስት መንግሥታትን ዕድሜ የተሻገረ ተቋም ሊማሩበት የማይገባ ከሆነ ምን ሊማሩበት ይገባል?

እስከዚህ ድረስ ያለው ለዩኒቨርሲቲው በላክሁት የጥናት ሐሳብ ውስጥ አለ። የሌለው የሚከተለው ነው።

አባቴ ከ1974 እስከ 1983 ዓ.ም. የቀበሌ ሠራተኛ ነበሩ። መጀመሪያ የኅብረት ሱቁ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በኋላ በጸሐፊነት። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ስለነበር «ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፉት እርሳቸው ነበሩ፤ ዛሬም በሰፈራችን በአሮጌ ሳጥኖች ውስጥ ፊደላቸው ይገኛል። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው ኮታ ይመጣል፤ ይህን ያህል ወጣት ይቅረብ ይባላል፤ ስም ዝርዝር ይዘጋጃል። ዝርዝሩን የሚወስነው ኮሚቴው ነው። የሚጽፈው ግን ጸሐፊው ነው።

ከቤታችን ሦስት በር ዝቅ ብሎ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው በ1980 ዓ.ም. በዚያ ዝርዝር ወጥቶ ወደ ሰሜን ሄደ፤ አልተመለሰም፤ አስከሬኑም ወረቀቱም አልመጣም። እኚህ እናት አባቴን በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያገኟቸዋል፤ ቆመው ይጠያየቃሉ፤ በዓመት በዓልም ቡና ይጠራራሉ። ስለ ዝርዝሩ አንድ ቀን ተነጋግረው እንደሆነ አላየሁም። የተነጋገሩ አይመስለኝም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በሰላምታ የተሸፈነ ነገር በመካከላቸው አለ፤ እኔም ያደግሁት በዚያ ሰላምታ አጠገብ ነው።

እንግዲህ ለአባቴ የጥናቴን ርእስ ስነግራቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስለ እኔ ልትጽፍ ነው?» አይደለም፣ ስለ ተቋሙ ነው አልኋቸው። «ተቋም እጅ የለውም፤ የሚጽፈው ሰው ነው» አሉና ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። በስምንት ዓመት የማስተማር ሕይወቴ ስለ ቢሮክራሲ ከዚህ የጠለቀ ዐረፍተ ነገር ከተማሪም ከመምህርም አልሰማሁም።

አባቴ ምሁርን የሚጠረጥሩበት ምክንያት አላቸው። በ1960ዎቹ ዓመታት ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተመለሱት ወጣቶች ያጠኑትን ትምህርት ትተው፣ አንዳንዶቹም ጨርሰው፣ አብዮቱን ሊያስተምሩ በየቀበሌው ተሰማሩ። «መደብ»፣ «ጭቁን»፣ «ርዕዮተ ዓለም» የሚሉት ቃላት በውይይት ክበቡ በኩል እስከ ጠጅ ቤት ወረዱ። የመኢሶኑ መሪ ኃይሌ ፊዳ ከፈረንሳይ የትምህርት ኑሮው ተመልሶ ከደርግ ጋር ሠራ፣ ከዚያም ከደርግ ጋር ተጣላ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ተገደለ። አባቴ ያን ትውልድ አይሰድቡትም። የሚሉት ይህን ብቻ ነው፦ መጽሐፉን ይዘው መጡ፣ እኛ ጋ አስቀመጡት፣ እነርሱ አለቁ፤ እኛ በመጽሐፉ ቋንቋ ስም ዝርዝር ስንጽፍ ቀረን።

ስለዚህ «አጥንቼ ልምጣ» የሚል ሰው በእኛ ቤት ንጹሕ ቃል አልተናገረም። ሊጠየቅበት ይገባል፤ እኔም ራሴን ስጠይቅ ሰነበትሁ።

በመጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ቋንቋ ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ገና በጧቱ ከሚነገረው አንዱ «ስቴት» እና «ገቨርንመንት» ለየቅል መሆናቸው ነው፤ አንዱ ይኖራል፣ ሌላው ይለዋወጣል። አማርኛችን ሁለቱንም «መንግሥት» ይላቸዋል። መምህራንና ፖለቲከኞች ችግሩን ለማቃለል «ሀገረ መንግሥት» የሚል ቃል ያዘወትራሉ፤ ተማሪዎቼ በፈተና ወረቀት ላይ አሳምረው ይጽፉታል፤ ከክፍል ሲወጡ ግን አንዳቸውም ሲሉት አልሰማሁም። ይህን የቋንቋ ድህነት አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልስማማም። ገበያ መሐል ሌባ የነጠቃት ሴት «የመንግሥት ያለህ!» ብላ ስትጮኽ የምትጠራው ካቢኔውን አይደለም፤ ማክስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1919 ሙኒክ ላይ የተረጐመውን፣ በአንድ ግዛት ውስጥ የኃይል መብት የእኔ ብቻ ነው የሚለውንም ድርጅት አይደለም። የምትጠራው በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ፍርድ ሊሰጥ የሚችለውን ማንኛውንም ነው፤ ፖሊስ ቢሆን፣ ሽማግሌ ቢሆን፣ ቆሞ የሚያይ ጎረምሳ ቢሆን። ድሮ «በሕግ አምላክ!» የተባለ መንገደኛ እንደሚቆመው ሁሉ፣ ይህም ጩኸት ሰሚውን ሁሉ ለጊዜው መንግሥት ያደርገዋል። ከእንግሊዝኛው ጋር ሳስተያየው ድህነት የሚታየኝ በዚያኛው ወገን ነው። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ አስቤ፣ በእንግሊዝኛ ጽፌ ስመለስ ይህ ጩኸት በጆሮዬ ውስጥ ይኖር ይሆን?

ሜሪላንድ የሚኖር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ አሁን በዶክትሬቱ አምስተኛ ዓመት ላይ ነው። በስልክ ያጫወተኝ ነገር ፍርሃቴን አልቀነሰውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሞላ ጎደል ስታቲስቲክስ ናቸው ይላል፤ ከዚያ አጠቃላይ ፈተና፤ ከዚያ የጥናት ሐሳብ መከላከል። «እዚህ አንድ ታሪክ ስትነግራቸው ስንት ሰው ነው ናሙናው ይሉሃል» አለኝ። ይህ ሙግት በራሳቸውም ዘንድ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 «ፔሬስትሮይካ» በሚል የብዕር ስም የተሠራጨ አንድ ደብዳቤ የአሜሪካን ፖለቲካ ሳይንስ ለቁጥርና ለቀመር ተሸጠ ብሎ ከሶ የሙያ ማኅበሩን አናግቶት ነበር። ጓደኛዬ ግን ሌላም ነገር ነገረኝ፤ ይህኛው ነው ወደ መሄድ ያዘነበለኝ። ስለ ቀበሌ ስነግረው፣ «የኩባን ታውቃለህ?» አለኝ።

አላውቅም ነበር፤ ላነብብ ተቀመጥሁ። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1960 በየመንደሩ የአብዮት መከላከያ ኮሚቴዎችን አቋቁማለች። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1954 የከተማ ነዋሪዎች ኮሚቴን ደንግጋለች። ታንዛኒያ ዐሥር ዐሥር ቤቶችን በአንድ ተጠሪ ሥር ያደራጀች የገዢው ፓርቲ መዋቅር ነበራት። የእኛ ብቻ ነው ብዬ ስብከነከንበት የኖርሁት ነገር ወንድሞች አሉት፤ ደግሞም አይመሳሰሉም። የአንዱ ኮሚቴ ሲሞት የሌላው ለምን ኖረ? የስም ዝርዝር የጻፈው ጸሐፊ ዕጣ በእያንዳንዱ አገር ምን ሆነ? እነዚህ ጥያቄዎች ጉለሌ ተቀምጬ ሊመጡልኝ የማይችሉ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ለመመለስ ግን ቤተ መጻሕፍት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋሉ። የዶክትሬት ትምህርት ትልቁ ስጦታው ማዕረጉ አይመስለኝም፤ አንድን ጥያቄ ይዘህ አምስት ዓመት እንድትቀመጥ ደመወዝ የሚከፍልህ ሌላ ሥራ በዓለም ላይ ብዙ የለም። እኔ በሴሚስተር አራት ኮርስ አስተምራለሁ፤ የማነብበው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው፤ እርሱም መብራት ካለ።

ሙያው ቀመር ብቻ አለመሆኑንም አውቃለሁ። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ያረፈው ጄምስ ስኮት የሙያው አንጋፋ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ማሌዥያ ውስጥ በአንድ የሩዝ ገበሬዎች መንደር ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጦ ሐሜታቸውን፣ ሥራ ማጓተታቸውን፣ አለማወቅ መምሰላቸውን አጥንቶ ስለ ደካሞች መሣሪያ ጻፈ። ስለ ደርግ የመንደር ምሥረታም እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንሥቷል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደስተኝ ግን በ1990 የወጣው መጽሐፉ መግቢያው ላይ የኢትዮጵያ ነው ያለውን አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ማስቀመጡ ነው፤ ትልቅ ጌታ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሣ ድምፅ የሌለው ነፋስ ስለሚለቅ ብልህ ገበሬ የሚናገር ነው። አባቴን ይህን ተረት ያውቁት እንደሆነ ብጠይቃቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና፣ «ተረቱን አልሰማሁትም፤ ፈሱን ግን አውቀዋለሁ፤ የቀበሌ ስብሰባ ሙሉውን እርሱ ነበር» አሉኝ። ስለ ዘመኑ በሳቅ የተናገሩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሌላ በኩል፣ ያለ ዶክትሬት ምን ሊሠራ እንደሚቻል የሚያሳይ ሰው አለን። ዐድዋ አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ ጀርመን አገር የተማረው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እርሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ነጋድራሱ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ነበር፤ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ፣ ቀረጥ ሲሰበሰብና ሲባክን በዓይኑ አይቷል። አገሪቱ ጥሬ ዕቃ እየሸጠች የተሠራ ዕቃ በመግዛት እንደምትደኸይ የጻፈው ሌሎች ይህን በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የልማት ንድፈ ሐሳብ ብለው ከማስተማራቸው በፊት ነው፤ በአማርኛ ነው የጻፈውም። የእርሱን መጽሐፍ ባነበብሁ ቁጥር «ሂድ» የሚለው ድምፅ ይደክማል። ደግሞ ትዝ ይለኛል፤ እርሱም ሄዶ ነበር። ጉምሩኩን ያየበት ዓይን በርሊን ላይ የተሳለ ነው።

መቅረትስ ምን ይመስላል? አገር ውስጥም ዶክትሬት ይሠራል፤ ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ መምህር ይህን እንዳልንቅ መክረውኛል፤ አልናቅሁትም። ነገር ግን በዚህ ሙያ አገር ውስጥ መቅረት የራሱ ታሪክ አለው። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናብተዋል። ዶክትሬታቸውን ከኔዘርላንድስ ይዘው ፖለቲካ ሳይንስ ሲያስተምሩ የኖሩት ዶክተር መረራ ጉዲና በኅዳር 2009 ዓ.ም. ታስረው የተፈቱት በጥር 2010 ነው፤ እርሳቸው ፖለቲከኛም ስለሆኑ ነገሩ ይለያል ቢባልም፣ የትምህርቱና የሥራው ድንበር የት ላይ እንዳለ የሚያሰምርልን ማንም የለም። መምህሬ ይህን ሁሉ ካወሱ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «እዚህ ሆነህ የምታውቀውን ሁሉ አትጽፈውም፤ እዚያ ሆነህ የምትጽፈውን ሁሉ አታውቀውም። ምረጥ።» ትንሽ ለክርክር የተሳለ አነጋገር ነው፤ ውሸት ግን የለበትም።

እዚያ ሆኖ አለማወቅ የሚባለው ደግሞ እንዲያው የስሜት ነገር አይደለም፤ ማኅተም ያለበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን ለጊዜው የመኖሪያ ቪዛ፣ የተማሪውን ጨምሮ፣ የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ አደረገው። ተማሪው እዚያ ከገባ በኋላ ትምህርቱ እስኪያልቅ መቆየት ይችላል፤ አባቱን ሊጠይቅ ከወጣ ግን ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ መሰለፍ፣ እንደገና መጠየቅ አለበት፤ መልሱም እንደገና አይታወቅም። ስለዚህ ብዙዎች አይወጡም። አባቴ 73 ዓመታቸው ነው። በየቀበሌው በዚያ ዘመን የሠሩ፣ አባቴ የሚያውቋቸው ጸሐፊዎችና የኅብረት ሱቅ ሠራተኞች ስም በማስታወሻዬ ላይ ዐሥራ አንድ ነበር፤ ዝርዝሩን ካወጣሁበት ከመስከረም ወዲህ ሁለቱ ዐርፈዋል። የመስክ ጥናት የሚደረገው በደንቡ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ማን ይቀራል?

አንድ ዓመት እንዲያዘገዩልኝ ጠየቅሁ። በጨዋ ቋንቋ፣ ቦታውን ማቆየት እንደሚቻል፣ አበሉን ግን ቃል መግባት እንደማይቻል መለሱልኝ። አልፈርድባቸውም፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ከ2025 ወዲህ የምርምር ገንዘብ ሲቆረጥባቸው የዶክትሬት ተማሪ ቁጥር የቀነሱት ጥቂት አይደሉም።

ሌላም ያስጨነቀኝ ነገር አለ። በእነርሱ ደንብ ሰው ቃለ መጠይቅ ከመደረጉ በፊት ፈቃደኛነቱን መግለጽ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ይፈርማል። ደንቡ ቅን ነው፤ ተጠያቂውን ለመጠበቅ የወጣ ነው። ነገር ግን በቀበሌ ወረቀት ልጃቸውን ያጡ እናት ፊት ሌላ ወረቀት ይዤ ልቀርብና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ልላቸው ነው? ከዚያም በጽሑፌ ውስጥ ስማቸው ይጠፋና «ተጠያቂ 14» ይሆናሉ። አባቴም «ተጠያቂ 3» ይሆናሉ። ሁለቱ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ በየእሑዱ ሰላምታ የሚለዋወጡ መሆናቸውን ሠንጠረዡ አያውቅም።

መጋቢት ሲያልቅ አባቴ ራሳቸው አነሡት። እራት ከበላን በኋላ እናቴ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ ጠብቀው፣ «ያን ነገርህን እነግርሃለሁ» አሉኝ። «የማስታውሰውን ሁሉ። ማን ምን ብሎ ስሙን እንዳሰረዘ፣ ማን ገንዘብ አጥቶ እንዳላሰረዘ። ግን በአማርኛ ትጽፈዋለህ። ጽፈህ ስትጨርስ መጀመሪያ ለእኔ ታነብልኛለህ። ከዚያ ለእርሳቸው ታነብላቸዋለህ።» እርሳቸው ማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። «እርሶ ባሉበት ነው የማነብላቸው?» አልሁ። ብዙ ዝም አሉና፣ «እኔ ባለሁበት» አሉ።

ይህ ስምምነት የትኛውም የትምህርት ክፍል ከሚያወጣው መመዘኛ የከበደ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የዶክትሬት ጥናትም አያሟላውም። ስለዚህ የወሰንሁት እንዲህ ነው። መልሴን ሚያዝያ 3 ልኬአለሁ፤ እሄዳለሁ። የምሄደው የኩባውንና የቻይናውን ከእኛው ጋር አስቀምጬ ለማየት ነው፤ የአባቴ እጅ የጻፈው ነገር የአባቴ ብቻ እንዳልነበረ ወይም እንደነበረ ሊነግረኝ የሚችል ሌላ መንገድ ስላላገኘሁ ነው። የአባቴና የዘጠኙ ሰዎች ቃል ግን ለዩኒቨርሲቲው የሚቀርብ መረጃ አይሆንም፤ በደንባቸው መሠረት ያለ ፈቃድ ወረቀት የተሰበሰበ ስለሆነ ሊሆንም አይችልም። እርሱ ለብቻው በአማርኛ ይጻፋል፤ ከመሄዴም በፊት ይነበባል። እዚያ ሄጄ የምጽፈው ሌላ ይሆናል፤ ምናልባት የደረቀ፣ ምናልባትም የተሻለ። ሁለቱን እጽፍ ዘንድ ጉልበት ይበቃኝ እንደሆነ በሥራው ይታያል።

ከሚያዝያ 7 እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ዐሥራ ስድስት ቅዳሜዎች አሉ። የሥራ ቀናት ከዩኒቨርሲቲው መውጣት ስለማልችል ያሉኝ እነርሱ ናቸው። መቅረጫ ከጓደኛዬ ተውሻለሁ። አባቴ ከሁሉ አስቀድሜ ኮልፌ የሚኖሩትን፣ የኅብረት ሱቁን ሒሳብ ይይዙ የነበሩትን አዛውንት እንዳነጋግር አዝዘውኛል፤ ጤናቸው ደህና አይደለም፣ ጧት ጧት ብቻ ነው የሚያወሩት። የራሳቸውን ተራ ግን የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ አድርገውታል።